የሰባት ቁጥር ካልሲየም ወዴት ሄደ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

አስራ ሁለቱም ጀሪካኖች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ደረሱ። ሰኞ ሰኞ የላቦራቶሪው በር ላይ ተደርድረው ያየ ሰው ዘይት የሚታደል ይመስለዋል። የአስራ ሁለት ሴቶች ሽንት ነው፤ የእያንዳንዳቸው የአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት። የኔ ሥራ ውስጡ ስንት ሚሊግራም ካልሲየም እንዳለ መለካት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ስለሠራሁ ባልደረቦቼ "ሚሊግራም" ይሉኛል። ቅር አይለኝም።

ሴቶቹ አጥንታቸው የሳሳ ነው። ወንበር ሲስቡ፣ መስኮት ሲከፍቱ ጀርባቸው የሚሰበር ዓይነት። አስራ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ አንዲት ትንሽ የፍሎራይድ ኪኒን ሲውጡ ቆይተዋል። ፍሎራይድ አጥንት የሚገነቡትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል ይባላል። ግንበኛ ብቻውን ቤት አይሠራምና ጥሬ ዕቃ እንዳያጥረው ትልልቅ የካልሲየም ኪኒኖችም አብረው ይታዘዙላቸዋል።

ዛሬ ዶክተሩ የአከርካሪ አጥንታቸውን የዓመት ልኬት ይዘው መጡ። ከአስራ ሁለቱ የአስራ አንዱ ጨምሯል። ሥራ ላይ የማይስቁ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ጥርሳቸው አልከደን አለ። ጥር ላይ በሐኪሞች ጉባኤ ሊያቀርቡት ነው።

ሰባት ቁጥር፦ 41 ሚሊግራም። ከመድኃኒቱ በፊት 170 ነበር።

ጀሪካኑ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ትክክል ነው፤ የሚለካ ሰው የማን እንደሆነ ካወቀ እጁ ያደላል። ሰባት ቁጥር ግን የጀሪካኗን እጀታ በሰማያዊ ክር ጠምጥማ ጫፉን በልብስ ሰፊ ቋጠሮ ታስረዋለች። ያንን ቋጠሮ በስድስት ዓመቴ ያስተማረችኝ እሷው ናት። እንዳላየሁ ሆኜ ነው የምለካው።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ጡረታ ወጣሁ ካለች በኋላም የጎረቤቱን ሱሪ ሁሉ የምታሳጥረው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት መስኮት ስትከፍት ጀርባዋ ቀጭ አለ። ራጁ ላይ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ እንደተረገጠ ብስኩት ተጨፍልቀው ታዩ። በራሷ ሜትር ተለክታ ሰባት ሴንቲ ሜትር ማጠሯን የነገረችኝ ራሷ ናት። "ቀሚሱ ረዘመብኝ ብዬ እጥፉን ላሳጥር ስል፣ ለካ ያጠርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ጥናቱ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ዶክተሩን ሦስት ጊዜ ለምኜ።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ሰባት ቁጥር፦ 36።

ሁለቴ ለካሁ። ዕቃውን አጥቤ ደግሞ ለካሁ። 36 ነው።

ከምግቧና ከኪኒኖቹ በቀን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሚሊግራም ያህል ይገባል። ከፊሉ ሳይመጠጥ በአንጀት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ያንን ቀንሼም በሽንት የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው። ቀሪው ወዴት ሄደ? የምሳ ሰዓቴን በዚህ ጨረስኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ልጅ ሆኜ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ የተገሠጽኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ዶክተሩ ክፍሉን ለምትመራው ነርስ፣ ለሲስተር፣ ኮሪደር ላይ ሲነግሯት ሰማሁ። "ሰባት ቁጥር ወርቅ ናት። አጥንቷ ካልሲየሙን እንደ ደረቅ መሬት እየጠጣው ነው።"

ወርቅ የተባልኩት እኔ ይመስል ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

እቴቴ ዘንድ ዋልኩ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ዳቦ ገዝተን ስንመለስ ደረጃውን የወጣችው እንደ ሕፃን ነው፤ አንዱን እግር ታስቀድማለች፣ ሌላውን አምጥታ አጠገቡ ታቆማለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ጫማው ነው።"

"የቱ ጋ ነው?"

"ተረከዜ ላይ። ጫማው ነው አልኩሽ እኮ፤ ሐኪም ስትሆኚ ትመረምሪኛለሽ።"

ጫማውን ገልብጬ አየሁት። እውነትም ሶሉ ጣውላ ነው።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ሩጫ። መለኪያው እስከ ስምንት ሰዓት አልሠራም አለ። ሰባት ቁጥር 33። ዶክተሩ የየሰኞውን ቁጥር አያይዘው ኩርባውን በቀይ እርሳስ አሰመሩት። ያምራል። ጠዋት በበሩ መስታወት ሳያት አነከሰች? አላነከሰችም። ጀሪካኑ ከባድ ስለሆነ ነው።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

የወሩ ደም ተለካ። የሰባት ቁጥር ካልሲየም ደም ውስጥ ለክፉ አይሰጥም፤ ትንሽ ዝቅ ቢልም በልኩ ውስጥ ነው። አጥንት ገንቢዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ደም ውስጥ የሚለቁት ኢንዛይም ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ግንበኞቹ ሌት ተቀን እየሠሩ ነው ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የተማርኩትን እንደ አዲስ አነበብኩት። ደም ካልሲየሙን ለማንም አያስነካም፤ ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው በእሱ ነው። ሲጎድልበት አንገት ውስጥ ያሉ አራት ምስር የሚያካክሉ ዕጢዎች "ከአጥንት አምጡ" ብለው ትእዛዝ ይልካሉ። አጥንት መጋዘን ነው። ታዲያ አከርካሪው ውስጥ አዲስ አጥንት እየተሠራ ከሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ከምግብ ካልበቃ፣ ከየት እየመጣ ነው? ከሌላው አጥንት? ከእጅ? ከእግር?

እንዲህ ደስ የሚል ጥያቄ ካገኘሁ ቆይቷል። የያዝኩትን ዳቦ ሳልበላ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ከእግር የሚለውን ከጻፍኩ በኋላ ትንሽ ቆምኩ። ጫማ ልግዛላት።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ለስላሳ ጎማ ያለው ጫማ ገዛሁላት። ወደደችው። አድርጋው እስከ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄድን። ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አንዴ የሱቅ መስኮት ለማየት ብላ ነው፣ አንዴ ግን ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ለዶክተሩ ልንገራቸው?" አልኳት።

"ምን ብለሽ? ተረከዟን አሳከካት ብለሽ? አንቺ ልጅ፣ ጀርባዬን ማመሙን ከተወኝ ገና ስድስት ወሩ ነው። በጫማ የተነሳ ከመድኃኒቱ ልታስወጪኝ ነው?"

"አይ፣ እንዲያው..."

"ተይ አትናገሪ።"

አትናገሪ ያለችኝ እሷ ናት። ለጥሩ ጉባኤም ቢሆን ሁለት ወር ነው የቀረው። ጥናት መሃል ላይ ሰው ሲወጣ ኩርባው ይቆረጣል። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳ ነው እንጂ ምክንያት ለመደርደር አይደለም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ዶክተሩን ቢሯቸው ገብቼ ጠየቅኋቸው።

"የክንዳቸውን አጥንት ብንለካስ?"

"ለምን? የሚሰበረው አከርካሪያቸው ነው።"

"ሌላውም አብሮ እየጨመረ እንደሆነ ለማየት።"

"ካልጨመረስ?"

"እሱን አላውቅም። ለዚያ ነው ማየት የፈለግሁት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እርስዎ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ በሽተኛው ጥያቄዎን ሳይመልስ ይሞትብዎ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ፈቀዱ። ጥናቱ ሲጀመር የሁሉም ክንድ ተለክቶ ነበር፤ የአከርካሪ መለኪያው ሲመጣ የክንዱ መሣሪያ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ግን ተቀምጠዋል። ማወዳደሪያ አለኝ ማለት ነው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ስድስት ሴቶች ተለኩ። አምስቱ ቀንሰዋል።

ሰባት ቁጥር ገና ናት። የዛሬ ሽንቷ 30።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ሌሎቹ ስድስትም ዛሬ አለቁ። በጠቅላላው ዘጠኙ ቀንሰዋል፣ ሁለቱ ባሉበት ናቸው፣ አንዷ ጨምራለች። ከሁሉም የባሰ የቀነሰው የሰባት ቁጥር ክንድ ነው። ከአስር እጅ አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አከርካሪያቸው እየከበደ ክንዳቸው እየቀለለ ነው።

"መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል" አልኩት ለራጅ ባለሙያው። ምንም ሳይናገር እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ክንድ አስገባ። የዛሬ ዓመት ለሙከራ የለካውን ካርድ አውጥቶ አጠገቡ አኖረው። ልዩነት የለውም።

"መሣሪያው ደህና ነው" አለ። ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

እቴቴ እጇን ከመሣሪያው ስታወጣ "እጄንም ልታስረዝሙልኝ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የወረቀቱን ፊት ወደ ጠረጴዛው ገለበጥኩት።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ሃሎ ተሰበሩ። አስራ አንድ ቁጥር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሠሩ ክፍሉ ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። ዳሌያቸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አየኋቸው። ፊታቸው ነጥቷል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው።

"ወደቁ እንዴ?" አልኳቸው።

"ሁሉም ወደቁ እያለ ይጽፋል። ልብ ብለሽ ስሚኝ። ከወንበር ተነሳሁ። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወደቅሁ። መጀመሪያ ተሰበረ፣ ከዚያ ወደቅሁ። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ጻፊው እንግዲህ።"

እሳቸው ፊት እዚህ ደብተር ላይ ጻፍኩት። የሕመም ካርዳቸው ላይ ግን "በመውደቅ ምክንያት" ይላል።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

እቴቴ ቤት። የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር ሱፍ ተዘርግቷል። የጎረቤት ሱሪ ልታሳጥር ነጭ መስመር አስምራበታለች። መቀስ ላቀብላት ስል ጠመኔዋን አየሁት። ክብ ነው። መሃል ለመሃል ለሁለት የሚከፈልበት ቀጭን ስንጥቅ አለው።

"እቴቴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ጠመኔ።"

"ይህ ካልሲየምሽ ነው።"

"ጠመኔ ነው ልጄ። ቀምሼው የለም እንዴ? ሆዴን ድንጋይ አደረገው፤ ሦስት ቀን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ግን እንዲህ ደምቆ የሚያሰምር አላየሁም። በብሩሽ ሲሉትም እልም ነው የሚለው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተውሽው?"

"ከመጀመሪያው ወር። ያቺን ትንሿን ግን አንድ ቀን አላጓደልኩም። መድኃኒቱ እሷ አይደለችም እንዴ?"

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው መሃል ቆምኩ። አጥንቷ ካልሲየም እየጠጣ አልነበረም። የሚጠጣው ካልሲየም አልነበረም። አስራ አምስት ወር ግንበኞቹን በየማለዳው እየቀሰቀስን፣ አሸዋም ሲሚንቶም ሳንሰጥ ሥሩ ስንላቸው ኖረናል። ከየት እንዳመጡት ክንዷ ላይ አይቻለሁ።

ኩርባው ያምራል ብዬ ጽፌ ነበር።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ጠመኔውን ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ሸክም የወረደለት ሰው መሰሉ።

"እንግዲያው ሰባት ቁጥርን እናወጣለን። የታዘዘችውን አልወሰደችም። የክንዱም ነገር በዚሁ ተፈታ።"

"የሌሎቹ የስምንቱስ ክንድ? ወይዘሮ ሃሎስ?"

"ወይዘሮ ሃሎ ወደቁ።"

"ተሰብሬ ነው የወደቅሁት ነው የሚሉት። ኪኒናቸውን ደግሞ ካላንደር ላይ እየሰረዙ ነው የሚውጡት፤ አንድ አላጎደሉም።"

"በሽተኛ ቅደም ተከተል አያስታውስም።"

"እሳቸው ሠላሳ ዓመት ማን ቀድሞ እንደደወለ ሲመዘግቡ የኖሩ ናቸው፣ ዶክተር።"

አልሳቁም። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት። "ሰባት ቁጥር ማን እንደሆነች እንዴት አወቁ?"

"በክሩ ቋጠሮ። አክስቴ ናት።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቁጥሯን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ።"

የሚንከባለለውን እርሳስ በመዳፋቸው አቆሙት። በመጨረሻ "ከዛሬ ጀምሮ የሰኞውን ልኬት ሌላ ሰው ይሠራዋል" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

የተረከዙን ነገር አልነገርኳቸውም። ስወጣ ነው ትዝ ያለኝ።

ስወጣ አይደለም ትዝ ያለኝ።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ብልቃጥ ሳጥብ ዋልኩ። ሲስተር "ምን አጠፋሽ?" አለችኝ። "ክር አየሁ" አልኳት።

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ጥቅምት 17፦ ጫማው ጣውላ ነው። ጥቅምት 19፦ ጀሪካኑ ከባድ ስለሆነ ነው። ጥቅምት 23፦ ከእግር? ኅዳር 1፦ አትናገሪ ያለችኝ እሷ ናት። አርባ ቀን። ሰው የጻፈውን ራሱ ካላነበበ ለማን ነው የሚጽፈው?

እውነቱን ልጻፍ። ጫማው እንዳልሆነ ጥቅምት 23 አውቄያለሁ። ብናገር መድኃኒቱ ይቆማል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በሚቀጥለው ሰኞ ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን አላይም። ለማየት ፈለግሁ። ሌላ ምንም የለውም።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

እቴቴን ለራጅ ወሰድኳት። ባለሙያው ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ በእርሳስ ጫፍ አሳየን። ተረከዟ ውስጥ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች። "ስንጥቅ ነው" አለ።

"ጫማው አይደለም ማለት ነው" አለች እቴቴ።

የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት። አከርካሪዋ እንደጨመረ፣ ክንዷ እንደቀነሰ፣ ካልሲየሙ ከየት ወደ የት እንደሄደ። እንደ ደንበኛ ትእዛዝ በጥሞና ሰማችኝ።

"ዳር ዳሩን ተርትሮ መሃሉን መጣፍ ነዋ" አለች።

"አዎ።"

"እኔ እንዲህ ያለ ስፌት ለሰው አልሰጥም ነበር።" ቆየት ብላ ደግሞ፣ "መቼ ነው የጠረጠርሽው?"

"ጥቅምት መጨረሻ ላይ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አትናገሪ ስላልሽኝ..."

"እኔ ስለማላውቅ ነው ያልኩት። አንቺስ?"

"ቀጥሎ ስንት እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው" አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ቤቴ አድርሺኝ" አለች። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ስታይ ሄደች። ደረጃው ላይ ክንዴን ስሰጣት የብረቱን ድጋፍ ያዘች።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

ፊልሙን ዶክተሩ ክፍል ያለው መብራት ላይ ሰቀልኩት። የአርባውን ቀን ነገር ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ መስመሯን ሲያዩ ቆዩና ሲስተርን አስጠሩ።

"ዛሬ የሚመጡትን ሁሉ እግራቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

"መጠየቅ አያስፈልግም ዶክተር። አምስቱ ነግረውኛል። ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ጉልበት። ዕድሜ ነው፣ ጫማ ነው ስንባባል ነው የከረምነው።"

"ለምን አልተጻፈም?"

"ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ጀርባ ብቻ ነው። ለእግር የሚሆን ቦታ የለውም።"

ቅጹን ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "ፍሎራይዱ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የሁሉም" አሉ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። "ሰባት ቁጥርን አናወጣትም። ጠመኔውም፣ ተረከዙም፣ እርስዎም ዝም ማለትዎ ይጻፋል። እኔም ክንዱን ላለማመን መቸኮሌ ይጻፋል።"

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ሴቶቹ የስብሰባው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። እቴቴ ምርኩዝ ይዛ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ወደኔ አላየችም።

ዶክተሩ ሳያድበሰብሱ ነገሯቸው። ጡረተኛ አስተማሪ የሆነችው ሦስት ቁጥር እንደ ተማሪ እጇን አውጥታ ጠየቀች።

"ጀርባችን ጨምሯል አላላችሁንም ነበር?"

"ጨምሯል።"

"ታዲያ ጠንክሯል?"

ዶክተሩ የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "መጨመሩን ለክተናል" አሉ፣ "መጠንከሩን ግን አልለካንም።"

አንዷ "ጉድ ነው" አለች ቀስ ብላ። ሌላዋ "አስራ ስድስት ወር ያቃጠለኝ ሆዴስ ከምን ቆጠራችሁት?" አለች፤ እሱም ቅጹ ላይ አልነበረም። ዶክተሩ እንደ ጸሐፊ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ጻፉት። ሁለቱ ተነስተው ወጡ፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ዶክተሩ ጠየቋቸው፤ ያለ ፍሎራይዱ፣ በካልሲየምና በቫይታሚን ዲ ብቻ፣ አንድ ዓመት ለመለካት የምትፈልጉ አላችሁ? የሄደው ይመለስ እንደሆነ ለማወቅ። ግዴታ የለም። ዘጠኝ እጆች ወጡ። የመጨረሻው የእቴቴ ነበር፤ ምርኩዙን ወደ ግራ እጇ አዛውራ። ወይዘሮ ሃሎ ከአልጋቸው ሆነው በሲስተር በኩል "መስመሩን እንዳትዘጉብኝ" ብለው ላኩ። አስር ሆኑ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፤ ግቢም አትግቢም አላለችኝ። ገባሁ። ተቀምጣ ስትሠራ ቆየችና አንድ ኮት ወርውራልኝ "ገበሩን ፍቺልኝ" አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ክር ስመዝ ዋልኩ። የምትናገረው "ቀስ በይ፣ ጨርቁን እንዳትወጊው" ብቻ ነበር።

በኋላ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "እኔም ዋሽቻለሁ። ስንት ወሰድሽ ሲሉኝ ሁሉንም ስል ኖሬያለሁ" አለች።

"ያንቺና የኔ አንድ አይደለም።"

"አንድ ነው መች አልኩ? አንድ አይደለም።" መርፌዋን የመርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካች። "ካልሲየሙን በዱቄት አድርገው ሰጥተውኛል። በውሃ በጥብጬ እጠጣዋለሁ። ሆዴም እሺ ብሏል።"

ልክ ስወጣ "ደረጃው ጨለማ ነው፣ መብራቱን አብሪው" አለችኝ። አብርቼ ወረድኩ።

ጥር 13፣ ሰኞ

ዶክተሩ ከጉባኤው ተመለሱ። ያቀረቡት ሁለት መስመር ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውን አከርካሪና ወደ ታች የሚወርደውን ክንድ፤ ከሥራቸው የዳሌው ስብራትና የተረከዙ ስንጥቅ። እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አንዱ፣ ያልተሳካ ነገር ይዘህ ለምን መጣህ አለኝ። ሌላው ደግሞ ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ያዘኝና፣ እሱም ዘንድ ሁለት ሴቶች ተረከዛችንን እንደሚሉት ነገረኝ። ጫማ ነው ብሏቸው ነበር።"

የማጥበውን ብልቃጥ አስቀመጥኩ።

"የሰኞዎቹ ጀሪካኖች ወደ እርስዎ ይመለሱ" አሉ። "ስማቸው ይጻፍባቸው። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም።"

ጥር 20፣ ሰኞ

አስር ጀሪካኖች። ወይዘሮ ሃሎ የራሳቸውን በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ሲስተርን አሸክመው አመጡ። "ቆጥረሽ ተቀበይ" አሉኝ።

እቴቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ እንደ ሌላው ጊዜ አልሄደችም። የላቦራቶሪውን በር ገፍታ ገባችና "እዚህ ነው የምትለኪው?" አለች። አስራ ሰባት ወር ስታመላልስ ውስጡን አይታው አታውቅም። ወንበር ሰጠኋት። ስቀዳ፣ ስበጠብጥ፣ የመለኪያው መርፌ ሲወዛወዝ ቆይቶ ሲቆም አየች። እጄን እንጂ መሣሪያውን አይደለም የምታየው፤ ድሮም ስፌት ስታስተምረኝ እንዲህ ነበረች።

"ስንት አለ?"

"ሰማንያ ስምንት።"

"ከፍ ብሏል?"

"ብሏል።"

"ስለዚህ ጥሩ ነው?"

"አሁን ካልሲየሙን ስለምትወስጂ ሊሆን ይችላል። አጥንትሽ መጠጣቱን አቁሞም ሊሆን ይችላል። የወሰደውን እየመለሰም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ አላውቅም።"

"መቼ ይታወቃል?"

"ብዙ ሰኞ ያስፈልጋል።"

ተነሳች። ምርኩዟን አስተካክላ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ" አለች። "ስታውቂ ግን መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሪው። ጥሩም ቢሆን፣ መጥፎም ቢሆን፣ ባይገባሽም።"

"እሺ እቴቴ።"

በመስታወቱ ተከትዬ አየኋት። ታነክሳለች። እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ እስከምትታጠፍ ድረስ አየኋት፤ ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ 88 ብዬ ጻፍኩ።